ጨው የገባበት ኖራ

ሰውየው ቀለም ቀቢ ነበር። እጁ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መሰላል መፍራቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ቄጤማ ይሆናል፣ ሦስተኛው ላይ ጸሎት ይጀምራል። ቤት የሚያስቀባ ሰው ደግሞ ግድግዳው እስከ ጣሪያው እንዲቀባለት ስለሚፈልግ ሙያው ብዙም አላራመደውም። ውሻም ይፈራል፣ መብረቅም ይፈራል፣ ኮርኒስ ላይ የሚሮጥ አይጥ እንኳ እንቅልፍ ይነሳዋል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ «እኔ ባል አላገባሁም፣ ጥንቸል ነው የማሳድገው» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች። እሱ አይቆጣም።

«ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማሽም?» ይላታል።

«እናትህማ አረፉ፤ ለእኔ ተረፍክ እንጂ» ብላ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትረግጣለች።

ልጃቸው ግን ከማን እንደወጣች እንጃ፣ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። በብስክሌት አገር ማየት የሚወዱ እንግዶችን በገጠሩ መንገድ እየመራች በእርሻዎቹ መሀል ታሳልፋለች፣ ከዚያ በዱር እንስሳት መጠለያው ጫፍ ጫፍ አዙራ ትመልሳቸዋለች። መጠለያው አጥር የለውም። አንድ ቦይ አለ፣ ከቦዩ ማዶ ሰው የሚውጥ ሣር አለ፣ ሣሩ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ሣሩ ነው። አራዊቱ ከቦዩ ወዲያ፣ ብስክሌቶቹ ከቦዩ ወዲህ፤ ስምምነቱ ይኸው ነው። አራዊቱ መስማማታቸውን የጠየቀ ግን የለም።

መንገዱ መገንጠያ ይበዛበታል፤ ወደኋላ የሚቀሩ እንግዶች ይጠፋሉ። ልጅቱ ለአባቷ ሥራ ያገኘችለት በዚህ ምክንያት ነው፤ በየመገንጠያው ባለው ድንጋይ ላይ በኖራ ነጭ ቀስት መቀባት።

«አባዬ፣ መሰላል የለውም» አለችው። «ድንጋዮቹ ከጉልበትህ አይበልጡም።»

መሬት ላይ ቆሞ ወዴት ይወድቃል! ባልዲውን መሪው ላይ አንጠልጥሎ፣ ብሩሹን ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ በአሮጌ ብስክሌቱ ይወጣ ጀመር። ሰዉም ጋሽ ቀስቴ አለው። ቀስቱን ይቀባል፣ ሲጨርስ ብሩሹን በባልዲው ከንፈር ላይ ኳ ኳ አድርጎ ያራግፋል፣ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ይሄዳል። በሕይወቱ እንደዚህ የተመቸው ሥራ አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቀስቶቹን ያጥባቸው ጀመር። አንድ ቀን እንግዶች የሰው በቆሎ ማሳ ውስጥ ገብተው ሲዳክሩ ተገኙ። ጋሽ ቀስቴ ያኔ የድሮ ሙያው ትዝ አለው፤ ኖራ ጨው ከተጨመረበት ነክሶ ይይዛል፣ በቀላሉ አይለቅም። ጨመረ። እውነትም ዝናቡ አላሸነፋቸውም፤ ሰውየው ደረቱን ነፋ። ግን ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ባልጣለበት ሳምንት ቀስቶች ጠፉ። ያውም በእርሻዎቹ በኩል ያሉት ሳይነኩ፣ በመጠለያው በኩል ያሉት ብቻ። ድንጋዩ ጥርግ ብሎ፣ ተወልውሎ ይጠብቀዋል። የእረኛ ተንኮል ነው ብሎ ተራገመና መልሶ ቀባ፤ ጨውም አበዛበት። እንደገና ጠፉ። እሱም እንደገና አበዛ።

አዲሱ ፍርሃት የመጣበት በዚያው ሰሞን ነው።

«ስቀባ ከኋላዬ የሚቆም ነገር አለ» አላት ሚስቱን። «ሣሩ ውስጥ። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳይበላህ ቀረ?»

«እንጃ። ጨርሼ እስክሄድለት የሚጠብቅ ነው የሚመስለኝ።»

«ኧረ አንተ ሰው፣ አርፈህ ተቀመጥ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ልጅቱም በሳቅ ፍርስ አለች። «አባዬ፣ የራስህን ትንፋሽ እኮ ነው የምትሰማው!»

ሁለቱም ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ወዲህ ግን ድንጋዮቹ ጋ ሲሄድ ፊቱን ወደ ሣሩ መልሶ፣ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ መቀባት ጀመረ። ቀስቶቹም በዚህ የተነሳ ይንሻፈፉ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቱ እንግዶቿን ይዛ ከወጣች በኋላ ጋሽ ቀስቴ ግቢው ውስጥ ኖራ በጥብጦ ባልዲውን ብስክሌቱ ላይ ሰቀለ። ዞር ሲል የጎረቤት ፍየል ብሩሹን እየላሰች ነው። ኮረኮማት፤ ሸሸት ብላ ተመለሰች። ጣቶቹን ላሰች። ቀጥላ ትናንት ኖራ የተንጠባጠበበትን የደጃፉን ድንጋይ ያዘችና በዚያ ሻካራ ምላሷ ሞዠቀችው። ስትጨርስ ድንጋዩ ጥርግ ብሎ ተወለወለ።

ሰውየው ድንጋዩን አየ። ድንጋዩን ያውቀዋል። በየሳምንቱ የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው። እዚያ ማዶ ግን ፍየል የለም። እዚያ ያለው ጎሽ ነው።

ትናንት ከሁሉ ይልቅ ጨው ያበዛው ቁልቁለቱ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ነበር። ብስክሌቶቹ ከላይ ፔዳል ሳይረግጡ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ እንደ ንፋስ ይወርዳሉ። ኩርባውን ሣር ጋርዶታል። ልጁ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት ናት። ስልክ ደወለ፤ ከእርሻዎቹ ወዲያ ኔትዎርክ የለም።

ብስክሌቱ ላይ ዘሎ ወጣ። ሚስቱ ከመስኮት «ወዴት ነው እንዲህ የምትበረው?» ብትለው «ጎሽ!» ብቻ ነው ያላት።

የእንግዶቹ መንገድ ኮረብታውን ይዞራል። ቦዩን ተሻግሮ በመጠለያው ጥግ የሚያቋርጥ አቋራጭ አለ፤ ጋሽ ቀስቴ ስሙን ሲሰማ እንኳ የሚያልበው አቋራጭ። በዚያ ገባ። ሣሩ ግራና ቀኝ ትከሻውን ይመታዋል። የብስክሌቱ ካቴና ሲንቋቋ ሰውነቱ ይበረግጋል፣ ወፍ ስትነሳ ነፍሱ አብራ ትነሳለች። «ልጄን፣ ልጄን፣ ልጄን» ይላል፤ ሌላ ጸሎት አልመጣለትም።

ከሣሩ ወጥቶ ቦዩን መልሶ ሲሻገር አየው። ጎሹ መንገዱ መሀል ቆሞ ቀስቱን እየላሰ ነው። ከኩርባው በላይ ደግሞ የልጁ ሳቅ ይሰማል፤ እየቀረበ ነው። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ከትናጋው ጋር ተጣብቆ እስትንፋስ ብቻ ወጣ። ብሩሹን መዘዘና ባልዲውን ኳ ኳ ኳ አደረገው።

ከላይ ፍሬን ሲጢጥ ሲል ተሰማ። «ቁሙ! ሁላችሁም ቁሙ!» አለች የአባቷን ኳኳታ የለየችው ልጁ።

ተመስገን ሊል ነበር። ጎሹ ግን አልሸሸም። ራሱን አነሳ፣ አየው፣ ከዚያ ምንም ሳይቸኩል ወደ እሱ መምጣት ጀመረ። ከጎሹ በስተጀርባ ሣሩ ተከፈተ፤ ሌላ ወጣ። ሌላም ከነጥጃዋ። ገበታ ቀርቧል እንደተባለ ቤተሰብ ተከታትለው መጡ።

ያኔ ገባው። ኳ ኳ ሲል ጨው ደርሷል ማለት ነው፤ ራሱ ነው ያስተማራቸው። ያ ሁሉ ወር ከኋላው ቆመው ሲተነፍሱ፣ ጨርሶ እስኪሄድ ሲጠብቁ የነበሩት እነሱ ናቸው። አንድም ቀን በከንቱ አልፈራም።

መሸሽ ይችል ነበር፤ እግሩም ያንኑ ነበር የሚለምነው። ግን ድምፁ ከቆመ ወደ ድንጋዩ ይመለሳሉ፣ ድንጋዩ ደግሞ ልጁ እግር ሥር ነው። ብስክሌቱን ጥሎ ባልዲውን አቀፈ። እያንኳኳ፣ እያለቀሰ፣ የኋሊት ወደ ሣሩ ተመለሰ። «ኑ» አላቸው፤ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ኑ፣ እሺ፣ ኑ።» ቦዩን በእጁና በጉልበቱ ተሻገረ፤ እነሱም ተሻገሩ። ሣሩ ውስጥ አያያቸውም፣ ትንፋሻቸውን ብቻ ይሰማል፤ ያንኑ የሚያውቀውን ትንፋሽ። አንዱ አንገቱ ላይ ሞቀው። ያኔ ኖራውን መሬት ላይ ደፋ፣ ባልዲውን እላዩ ላይ ጣለና እግሬ አውጪኝ አለ።

ልጁ ብስክሌቷን እየገፋች እስከ ኩርባው ወርዳ ሁሉንም አይታለች። ሲደርስ ከወገብ በታች ርሷል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ብስክሌቷን ለቀቀችና አቀፈችው፤ እሷም ትንቀጠቀጥ ነበር። «አባዬ፣ ነግረኸን ነበር» አለችው።

መንገዱ ዛሬ በኮረብታው ወዲያኛው በኩል ነው የሚሄደው፤ ጋሽ ቀስቴም ዝቅተኛ አጥር እየፈለገ ይቀባል። ባልዲው እዚያው ሣሩ ውስጥ ቀረ፤ የሚያመጣው አልተገኘም። አንዳንዴ ምሳ ሲሠራ ሚስቱ ትረሳና ጭልፋዋን በድስቱ ከንፈር ላይ ኳ ኳ ታደርጋለች። ሰውየው ያኔ የያዘውን አስቀምጦ ፊቱን ወደ በሩ ይመልሳል። በቤቱ ውስጥ አሁን የሚስቅበት የለም። ልጅቱ፣ ያቺ ፍርሃት ያልፈጠረባት፣ ቀድማው ትነሳና በሩን ትቀረቅራለች።