ሩፈስ የሚሰማው ጨዋታ

ዶሎሬስ ፓኩልስኪ ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። እሷ ጡረታ ብትወጣም ድምፅዋ ግን ጡረታ አልወጣም፤ ዛሬም ከኋላ ወንበር የሚረብሽ ልጅ ያለ ይመስል ጮክ ብላ ነው የምትናገረው። በአሜሪካ፣ በኤሪ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማቸው፣ «ጀልበኞቹ» የሚባለው የቤዝቦል ቡድን በሜዳው በተጫወተ ቁጥር፣ ከግራው አጥር በላይ ካለው የእንጨት መቀመጫ መደዳ አትጠፋም።

አጠገቧ ሩፈስ ቴይት ይቀመጣል። የጎማ ፋብሪካ ጡረተኛ ነው፤ ስኳር በሽታ ዓይኑን ከወሰደበት ወዲህ ጨዋታውን የሚከታተለው በጆሮው ነው። የመምቻው ዱላ ኳሷን ሲያገኛት ከሚወጣው ድምፅ ብቻ «ይቺ ሩቅ ሄደች» ወይም «በእጀታው ነው የነካት፣ ከንቱ ናት» ይላል። የቀረውን ዶሎሬስ ትሞላለታለች፤ ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደወደቀ፣ ዳኛው እንዴት ያለ ዕውር እንደሆነ።

«ዕውሩስ እኔ ነኝ፣ ሹፌሯ። የእኔን ማዕረግ ለሌላ ሰው አትስጪብኝ» ይላታል።

ቡድኑ ሽንፈት ሲደራርብ መደዳው እየሳሳ መጣ። ክለቡ ጥሩ ኳስ ወርዋሪ በመግዛት ፈንታ የገበያ ሰዎች ቀጠረ። ከዚያ ወዲያ ተራ የጨዋታ ቀን የሚባል ነገር ጠፋ፤ ውሻ ይዞ የሚመጣበት የውሻ ቀን፣ ፒጃማ የሚለበስበት የፒጃማ ቀን፣ የአሻንጉሊት ቀን ሆነ። ሕዝቡ በተጫዋች መልክ የተሠራውን አንገቱን የሚነቀንቅ አሻንጉሊት ሊወስድ ከረፋዱ ጀምሮ ይሰለፋል፤ ተቀብሎም ጨዋታው ሳይጋመስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዴማ የታደለው የማን ምስል ቢሆን ጥሩ ነው? ባለፈው ሳምንት ለሌላ ቡድን የሸጡት ሰውዬ! ጠንካራ ቡድን ሲመጣ ደግሞ ትኬቱ ብቻውን አይሸጥም፤ ማንም የማይፈልጋቸውን ሦስት ጨዋታዎች አብሮ መግዛት ግድ ነው።

ይህን ሁሉ ሩፈስ ቻለው። ያልቻለው ሙዚቃውን ነው። ወርዋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ከድምፅ ማጉያው የፍራሽ መደብር ማስታወቂያ ከነዘፈኑ ይለቀቃል።

«ዛሬ አንዲት ምት እንኳ ካልሰማሁ» አላት አንድ ቀን በር ላይ፣ «ከእንግዲህ ቤቴ ቁጭ ብዬ ራዲዮ ነው የማዳምጠው። አንቺም ሌላ ጎረቤት ፈልጊ።»

የዚያን ዕለት በር ላይ የሚታደለው በአየር የተነፋ ጥንድ የፕላስቲክ ዱላ ነበር፤ እያጋጩ ማስጮኺያ። ቀኑም «የጩኸት ቀን» ተብሏል። ዶሎሬስ ለሩፈስ የተሰጡትን ሁለቱን በጉልበቷ ጨፍልቃ አፈነዳችና እሱን ቦታቸው ላይ አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ትኬት ቢሮው ሄደች። ብሬደን የሚባል ፈገግታው የማያልቅ ወጣት ተቀበላት።

«ጓደኛዬ ዓይነ ስውር ነው። ጨዋታውን የሚሰማበት ቦታ ስጡን» አለችው።

«ደስ ይለናል እመቤቴ! የጸጥታ ጥቅል አለን።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«በመስታወት የተዘጋ ክፍል ነው። ምንም ድምፅ አይገባም!»

«አንተ ልጅ፣ እኔ የምልህ መስማት የሚፈልግ ሰው ነው!»

«የሆት ዶግ ሳንድዊቹ በነፃ ነው» አላት፤ ፈገግታው ግን ትንሽ ሳሳ።

ስትመለስ ሩፈስ አገጩን በብትሩ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ዙሪያው የፕላስቲክ ዱላ ጩኸት ብቻ ነው።

«ተመታ እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«ሁለት ሰው ዞሮ ገባልን፤ ሁለት ነጥብ እኮ ነው።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

ዶሎሬስ ክንዱን ይዛ አስነሳችው። የበሩ ዘበኛ «ከወጣችሁ መመለስ የለም» ቢላቸው፣ «ማን ሊመለስ!» አለችው ዶሎሬስ።

አውቶቡስ የሚጠበቀው ከሜዳው ግድግዳ ጀርባ ነው። ሙዚቃው እዚህ እንደታፈነ ከበሮ ከሩቅ ይሰማል። ዶሎሬስ ክለቡን ከነባለቤቱ እየረገመች ሳለ ሩፈስ እጁን አነሳ።

«ዝም በይ እስቲ።»

ከግድግዳው ወዲያ ተጠባባቂ ወርዋሪዎች ሰውነታቸውን ያሟሙቃሉ። ኳሷ ከተቀባዩ የቆዳ ጓንት ላይ ስታርፍ ጧ! ትላለች። ጥቂት ቆይታ እንደገና፣ ጧ!

«ይሰማሻል? አዲሱ ወርዋሪ ነው፤ ክንዱ ከባድ ነው። ሊያስገቡት ነው።»

«እኔ ግድግዳ ነው የሚታየኝ።»

«እንግዲህ ዛሬ የምነግርሽ እኔ ነኛ» አለና ብትሩን አደላድሎ ቆመ። አውቶቡሱ መጣ፤ በሩን ከፈተ፤ የሚሳፈር ሲያጣ ሄደ።

የዶሎሬስ ስልክ ጮኸ። ከክለቡ የመጣ መልእክት ነው፤ ዛሬ ምን ያህል እንደተደሰተች ይጠይቃታል።

«ምን ይላል?» አላት ሩፈስ።

«ሊሸጡልን ነው።»

«ምኑን ደግሞ?»

«ይሄን ግድግዳ፤ እዚህ መቆማችንን ካወቁ።»

«እንግዲያው ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሹፌሯ» አለና ጆሮውን ወደ ግድግዳው መለሰ።