ማውንቴን ወይስ ባለ ፓራፋንጎ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ የታደሰ ልጅ በስልኩ የሁለት ብስክሌት ፎቶ ይዞ መጣና «አክስቴ፣ የቱን ልግዛ?» አለኝ። አንዱ ለከተማም ለገጠርም የሚሆን ነው፤ ሌላው ለጫካ መንገድ ተብሎ የተሠራ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሁለቱንም ገደል ክተታቸው!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ክው አለ። ምን ያድርግ፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ቤታችንን ያመሰው ይኸው ጥያቄ መሆኑን አያውቅም።

ያኔ አባታችን ካረፈ ወዲህ ሚዛን ተፈሪ የቀረነው እኔና እማዬ ብቻ ነበርን። ታደሰ ታላቄ ነው፤ ማሻ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ትዳር ይዟል። እማዬ ደም ግፊት ስለነበረባት አጠገባችን አማን ሆስፒታል ለክትትል የማመላልሳት እኔ ነኝ። መምህርት ሆኜ ስመደብ ታዲያ የደረሰችኝ ቀበሌ በቴፒ መንገድ ተሂዶ ተሂዶ፣ ከዚያ በእግር መንገድ ወደ ቡናው ጫካ ገባ ብላ የምትገኝ ሆነች። በየቀኑ ደርሼ መመለስ ካልቻልኩ እዚያው መኖሬ ነው፤ እዚያ ከኖርኩ ደግሞ ከእማዬ መለየቴ ነው። በእግር አይታሰብም። መኪና እንደሆነ ደስ ባለው ቀን ነው የሚያልፈው። የቀረኝ ብስክሌት ነበር፤ እሱን ደግሞ በልጅነቴ አማን ሜዳ ላይ፣ በኪራይ ብስክሌት ጉልበቴን እየላጥኩ ተምሬዋለሁ።

«እኔ እገዛልሻለሁ» ብሎ ታደሰ ከማሻ ወረደ። እግዜር ይስጠው። ግን እንደ እሱ አስተሳሰብ የሚከፍለው ነው የሚመርጠውም። ከጅማ በኩል መጥተው ሚዛን ብስክሌት የሚጠግኑትና የሚሸጡት ጋሽ ከማል ደጃፍ ላይ ሁለት ብስክሌት ቆመዋል። አንዱ ጥቁር ነው፤ የኋላ መጫኛ አለው፣ ጎማዎቹ ላይ ጭቃ የሚከላከል ፓራፋንጎ ደፍቷል። ሌላው ማውንቴን ነው፤ ባለ ማርሽ፣ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ መጫኛም ፓራፋንጎም የሌለው። ዓይኔ ማውንቴኑ ላይ ቀረ።

«ቀሚስ ለብሰሽ በዚህ ላይ ልትንፈራጠጪ?» አለኝ ታደሰ። «የቤተ ክርስቲያን ሰው ምን ይላል?»

«የቤተ ክርስቲያን ሰው ጭቃውን ሊጠርግልኝ ነው?»

«እሺ፣ የተማሪ ደብተሩንስ የት ልታስሪው?»

ጋሽ ከማልም አልረዱኝ። ጠዋት ብቻዬን ስሄድ «ለጫካ ማውንቴን ነው እንጂ!» ይሉኛል፤ ከሰዓት ታደሰ ሲመጣ «ለሁሉም የሚሆነው ጥቁሩ ነው፣ ወላሂ!» ማታ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እያጠቀስን ያው ጭቅጭቅ። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ አንዱን ወገን ይዞ ይከራከራል። እማዬ ጎደሬውን እየላጠች ታቀርብልናለች።

በመጨረሻ ጥቁሩ ተገዛ። የካቲት ነበር፤ መንገዱ ደረቅ፣ ቡናው አብቦ ጫካው ሁሉ ያውዳል። እኔም በጊዜ ደርሼ በጊዜ እመለሳለሁ። ታደሰ በመጣ ቁጥር «አላልኩሽም?» ይለኛል። ከዚያ ዝናቡ ጀመረ።

ያ ቀይ ጭቃ! ፓራፋንጎውና ጎማው መሃል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። ወርጄ በእንጨት እጎረጉራለሁ፤ ጥቂት ሄጄ ደግሞ እወርዳለሁ። ሲብስብኝ ተሸክሜው እሄዳለሁ። የቀበሌዋ ሰዎች «መምህርት፣ ዛሬም ብስክሌቱ አንቺን ጋለበ?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ማልቀስ ነበር የሚዳዳኝ።

በሽቄ፣ ለታደሰ ትንፍሽ ሳልል፣ ጋሽ ከማል ዘንድ ሄጄ በማውንቴኑ ለወጥኩት። እውነት ለመናገር ጫካውን እንደ ፍየል ወጣው። ነገር ግን የመኪናው መንገድ ላይ ያ ጥርሳም ጎማ ጠጠሩን እያኘከ ጉልበቴን ጨረሰው። ፓራፋንጎ የለውምና ጭቃውን ከወገቤ እስከ ማጅራቴ ይለቀልቀኛል፤ በጀርባዬ ያዘልኩት ደብተርም ርሶ ቀለሙ ይፈሳል። አንዱ ጫካውን ጠላ፣ ሌላው ጠጠሩን። በየትኛውም ቢሆን አረፍዳለሁ።

ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ። ታገሱኝ፣ ታገሱኝና «መምህርት፣ ልጆቹ ደጅ ቆመው ይጠብቁሻል። ወይ እዚሁ ኑሪ፣ ወይ ቦታውን ለሌላ ልቀቂ» አሉኝ። ሥራውን ትቼ ምን ልንበላ? ታደሰ እማዬን ከነጓዟ ማሻ ወሰዳት፤ እኔ ቀበሌዋ ገባሁ። ለመምህር የተሠራው ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። በአንዱ ተኛሁ፤ ሌላው ባዶውን ቀረ።

ትምህርት ሲዘጋ ማሻ ወጣሁ። ጉም በጉም ነው። እማዬ ጋቢዋን ደራርባ እሳት ዳር ኩርምት ብላለች። ስለ አዲሱ ኑሮዬ ጠየቀችኝ። ምንጩ ቅርብ መሆኑን፣ ሰዎቹ ማር እንደሚሰጡኝ፣ ሁለቱን ክፍል፣ ሁሉንም አወራኋት። እሳቱን ቆስቆስ አደረገችና፣

«ታዲያ እኔን ለምን አልወሰድሽኝም?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ክትትልሽስ? ከአማን እንዳትርቂ ብለን እኮ ነው።»

«ማሻ ለአማን ይቀርባል?» አለች። «እኔ የተወለድኩት ቡና ጫካ ውስጥ ነው። ነይ ብትሉኝ በማግስቱ ጓዜን እጠቀልል ነበር። የጠየቀኝ ግን የለም። ስለ ጎማ ነበር የምታወሩት።»

«መስከረም ሲጠባ መጥቼ እወስድሻለሁ» አልኳት። ፊቷ በራ፤ «እሺ ልጄ» አለችኝ። ነሐሴ ላይ አረፈች።

አሁን ያ የእግር መንገድ ጠጠር ለብሷል፤ ባጃጅ ሳይቀር ይገባበታል። ልጁንም በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ደስ ያለህን ግዛ አልኩት። ለጭቃውም፣ ለታደሰም፣ ለጋሽ ከማልም ቂም የለኝም። የሚቆጨኝ ያ ሁሉ ምሽት ነው። እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ፣ እኛ ስለ ፓራፋንጎ ስንጨቃጨቅ! ዛሬም ሳስበው እበግናለሁ።