ያልተቀመጠልኝ የመስቀል ድርሻ

ባለፈው መስከረም ዐሥራ ሰባት ቀን፣ በአረብ ኤምሬትስ አል ዓይን ከተማ፣ አል ሂሊ ሰፈር በሚገኘው የታላቅ ወንድሜ ቤት፣ የመስቀል ድርሻዬ አልተቀመጠልኝም።

እኛ ጉራጌዎች ነን፤ የዓመቱ ትልቁ በዓላችን መስቀል ነው። ክረምቱ ወጥቶ እሸት ሲደርስ፣ ሴቶች ያጠራቀሙት ቅቤና ከጉድጓድ የወጣው ቆጮ ሲቀርብ፣ የተበተነው የቤት ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። እዚህ ከሥርዐቱ ብዙው ተለውጧል። ወንድሜ ደመራውን የሚያበራው ግቢው ውስጥ፣ በሥጋ መጥበሻ ምድጃ ላይ ጥቂት እንጨት አቁሞ ነው፤ ወዴት እንደሚወድቅ የሚያይ ሰው የለም። የእንሰቱን ቅጠል ከጎረቤት እርሻ በሚመጣ የሙዝ ቅጠል ተክተነዋል። ቆጮው በሻንጣ ይመጣል። ይህ ሁሉ ቅር አሰኝቶኝ አያውቅም።

ከሥርዐቶቹ አጥብቄ የምወደው አንዱን ነው፤ የቀረ ሰው ድርሻ የሚቀመጥበትን። ክትፎው ለማንም ከመቅረቡ በፊት እናቴ ለበዓሉ ላልደረሰ ልጇ ቀድማ ታነሣለት፣ በቅጠል ጠቅልላ ከፍ ያለ ቦታ ታስቀምጥለት ነበር። በማግሥቱም ካልመጣ ታናናሾቹ ስሙን ጠርተው ይበሉታል። ወንድሜ ወደዚህ አገር በመጣባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ አጥቶ መመለስ ባልቻለበት ጊዜ፣ ቅጠሉን እሳት አሳይቼ አለስልሼ ድርሻውን የምጠቀልለው እኔ ነበርሁ። እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድም መስቀል አልዘለልሁም።

ከስምንት ዓመት በፊት ከኦርቶዶክስ ወደ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ተዛወርሁ። ወንድሜ ለአንድ ወር አኮረፈኝ፤ ከዚያ ተወው። መስቀልን ግን እንደ ወትሮው አብሬያቸው አከበርሁ።

ሐኪም ነኝ፤ የምኖረው አቡ ዳቢ፣ አል ሪም ደሴት ነው። የዚያን ዕለት ተረኛ ስለነበርሁ ዘግይቼ እንደምደርስ ከሁለት ቀን በፊት ለወንድሜ ሚስት ደውዬ ነግሬያታለሁ። የበዓሉን ቅቤ አንጥሬ የላክሁትም እኔ ነኝ። ዐሥር ሰዓት ላይ ስደርስ ትሪዎቹ ተነሥተው ወንድሜ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተቀምጧል። ማቀዝቀዣው ላይ በቅጠል የተጠቀለለ አንድ ድርሻ አየሁና እጄን ዘረጋሁ።

«ኧረ እሱስ የአክስትሽ ልጅ ድርሻ ነው» አለች የወንድሜ ሚስት። የአክስቴ ልጅ ኸሊፋ ሲቲ ሰው ቤት ትሠራለች። «ማዳሟ አልለቀቀቻትም፤ ነገ ይላክላታል።»

«የእኔስ?»

«እናንተ ደግሞ የመስቀል ክትፎ ትበላላችሁ እንዴ? ፓስተሩ ቢሰማሽስ!» ሳቀች። እንግዶቹም ሳቁ፤ አንደኛው፣ «ቅቤውን ትታ ሥጋውን ትብላ» አለ።

ወደ ወንድሜ ዞርሁ። «ጋሼ፣ የእኔ ድርሻ የት ነው?»

እሱ ብርጭቆውን አየ። የመለሰችልኝ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጁ ናት። «አንቲ፣ ኢትስ ኦኬ። ዳዲ ነው እኮ፣ ይሉኝታ ይዟት ነው የምትበላው፣ ዘንድሮ አናስጨንቃት ያለው።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ አንቺ ልጅ» አላት ወንድሜ። ከዚያ ወደ ሚስቱ፣ «እንቁላል ይጠበስላት።»

እንቁላሉ ተጠበሰልኝ። በላሁት። የተጠበሰው እኔ በላክሁት ቅቤ ነበር።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አሳቢ መሆኑን ይወዳል፤ ሲያስብልኝም አይጠይቀኝም። ሰባት መስቀል ከፊቱ ተቀምጬ የበላሁትን ይሉኝታ ነው ብሎ ተረጐመው። ትርጓሜው ስሕተት ነው። ትክክል ቢሆን እንኳ ድርሻዬን አያስቀርም፤ የሚቀመጠው የቤቱ ልጅ ለሆነ ሰው እንጂ ለሚበላ ሰው አይደለምና። የአክስቴ ልጅ የቤቱ ልጅ ናት። የእኔ የቤቱ ልጅነት ግን በዚያ ቀን፣ በእንግዶች ፊት፣ ሳይነገረኝ አጠራጣሪ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ደውሎልኛል። ስለ ደም ግፊቱና ስለ ልጁ ትምህርት ያማክረኛል። ስለ ድርሻዬ ቃል አልተነፈሰም።

ይህን እንደሚያነብ ዐውቃለሁ። ይቅርታ ጠይቀኝ አላልሁትም፤ የምፈልገው መልስ ነው። በሚመጣው መስቀል፣ ብገኝም ብቀርም፣ በስሜ ድርሻ ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም? መልሱን ከሚስቱም ከልጁም ሳይሆን ከራሱ፣ ነሐሴ ሳያልቅ እፈልጋለሁ። የመስከረም ተራ የሚመደበው በዚያን ጊዜ ነው፤ «አይቀመጥም» ካለኝ የበዓሉን ቀን ለሥራ እሰጣለሁ።