አንድ ያሰጠኋቸው መምህር

ትናንት ከሰዓት በኮሌጃችን አዳራሽ የሒሳብ መምህራችን መምህር አለልኝ የዓመቱ ምርጥ መምህር ተብለው ጋቢ ተደረበላቸው። ያጨበጨብኩበት እጄ እስካሁን ይግላል። እግሬ ግን ከእጄ የባሰ ደክሟል። ምክንያቱ ባለፈው ወር የሠራሁት ስሕተት ነው፤ ዕድሜ ልኬን የምረሳው አይመስለኝም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ እየተማርኩ ነው፤ ስጨርስ የአንደኛ ደረጃ መምህርት እሆናለሁ። የክፍል አለቃም ነኝ። ሒሳብ ሲባል ከክፍል የምሸሽ ልጅ ነበርኩ። መምህር አለልኝ ግን ተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ስሕተቱን አያስጠፉትም፤ መንገዱን የሳተው የት ላይ እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ እንዲፈልግ ያደርጋሉ። ዛሬ ክፍልፋይን ለሌላ ሰው የማስረዳው በእሳቸው ነው።

እኛ ተማሪዎች እሳቸውን የምንመዝንበት ቅጽ የመጣ ቀን፣ ያመጣው ሠራተኛ ቸኩሎ ስለነበር አንቺ አድዪው ብሎኝ ወጣ። ነጥቡ ከአንድ እስከ አምስት ነው። የትኛው ይበልጣል ብለው ልጆቹ ሲጠይቁኝ፣ ቅጹን እንኳ ሳላነብ ተነሥቼ አንድ ማለት አንደኛ ነው አልኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ በደረጃ ስንፎካከር ስላደግን ማንም አልተጠራጠረም። ሁላችንም ከላይ እስከ ታች አንድ አንድ ሞላንላቸውና ደስ ብሎን ወጣን።

በማግስቱ ለልምምድ ማስተማር ተበተንን። እኔ ከተማው ውስጥ ስለተመደብኩ አንድ ቀን ወደ ኮሌጁ ጎራ አልኩ። የመምህራኑ ውጤት ከተለጠፈ ሳምንት አልፎታል። የመጨረሻው ስም የእሳቸው ነበር። ለካ አንድ ዝቅተኛው ነጥብ ኖሯል።

እየሮጥኩ የምዘና ቢሮ ገባሁ። ኃላፊዋ፣ በአንድ ልጅ ቃል ውጤት አይለወጥም፤ ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሳሳታቸውን እስከ ዓርብ ጽፈው ከፈረሙ ግን ቅጹ እንደገና ይሞላል አሉኝ።

ከእኔ ሌላ ያለው ክፍል ግን ግማሹ ሉማሜ ከተማ፣ ግማሹ አማኑኤል ከተማ ነው፤ አንዱ ከማርቆስ በታች፣ ሌላው በላይ። ሦስት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ስመላለስ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት በጭቃ ስሄድ ሰነበትኩ። የጫማዬ ሶል ሉማሜ ቀረ። አማኑኤል ላይ ዘላለም የሚባለው የክፍላችን ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «እሺ አለቃ፣ ዛሬስ አንድ ስንት ሆኖ ዋለ?» አለኝ፤ በሚያስተምራቸው ልጆች ፊት። አፍሬ እስክሪብቶውን ሰጠሁት። እሱም እየሳቀ ፈረመ።

ዓርብ ጠዋት ሃያ ስድስት ፊርማ፣ ከክፍሉ ከግማሽ በላይ፣ ይዤ መጀመሪያ መምህር አለልኝ ዘንድ ሄድኩ። ደብዳቤ እየጻፉ ነበር። ከማስተማር ወጥተው መዝገብ ክፍል ለመዛወር የሚጠይቁበት ማመልከቻ ነው።

«ልጄ፣ ማስተማር አይችልም ያለው ሌላ ሰው ቢሆን እከራከር ነበር» አሉኝ። «እናንተ ናችሁ ያላችሁት።»

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅጹ ላይ አልተጻፈም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተጽፏል፤ አላነበብኩትም አልኩ። ያኔ ሳቁ። ማመልከቻውን ግን አልቀደዱትም፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ቅጹ እንደገና ተሞላ፤ የትናንቱም ቀን መጣ። ደስታዬ ልክ የለውም። ነገር ግን ያንን ሁሉ ቀን ማስተማር አልችልም ብለው አምነው ጠመኔ ይዘው መቆማቸው ትዝ ሲለኝ ድካሙ መልሶ ይመጣብኛል። እሱን ጋቢ አይመልሰውም።

መድረክ ላይ ሲናገሩ ስለ ሽልማቱ ብዙም አላሉ። ሒሳብ የሚያስፈራው ሰው፣ የኮሌጁ ተማሪ ሆነም አልሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክፍላቸው ይምጣ አሉ። እኔም ለእናንተ አስተላልፌያለሁ፤ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ ሂዱ። እኔን ግን በዚህ ቅዳሜ አትጠብቁኝ፤ እተኛለሁ።