እንደ በሬ የተመለሰ ፍሪጅ

ባሕር ዳር፣ ንጋት 12 ሰዓት

የሾፌሬ የደሴ ፒካፕ ሱቄ በር ላይ ሞተሯን አሙቃ ጠበቀችኝ። ከኋላዋ በሸራ የተሸፈነ አንድ ፍሪጅ ተጭኗል። እውነተኛ የኮሪያ ፍሪጅ። "እውነተኛ" ያልኩትን ልብ በሉልኝ፤ የዛሬው መንገድ ምክንያት እሱ ነው።

የምንሄደው ወደ ፎገራ ነው። ከወረታ ወደ ሐይቁ በኩል ገባ ብላ ባለች መንደር መሪጌታ ጥላሁን የሚባሉ የቅኔ መምህር አሉ። ስኳር አለባቸው፤ የሚወጉት መድኃኒት ቅዝቃዜ ይፈልጋል። አምና ለዚሁ ብለው ከኔ ፍሪጅ ገዙ። በሩ ላይ የታወቀው የኮሪያ ኩባንያ ስም በሚያብረቀርቅ ፊደል ተለጥፏል። ተለጥፏል ስላችሁ በሙጫ ማለቴ ነው። ፍሪጁን ማን እንደሠራው የሠራው ይወቀው።

በቅርቡ መሪጌታ ማኅሌት እንደቆሙ ወደቁ። ሰው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ነርሷ መድኃኒቱን የት እንደሚያስቀምጡ ጠየቀቻቸውና ቤት ድረስ መጥታ ፍሪጁን ከፈተች። እጇን አስገብታ፣ "መሪጌታ፣ ይኸ እኮ ቁም ሳጥን ነው" አለቻቸው።

ሲደውሉልኝ አልተቆጡም። "ልጅየ፣ ሲመችህ ብቅ በል" ብቻ ነው ያሉኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር፤ ስድቡን ለምጀዋለሁ።

ዕቅዴ አጭር ነው። ዛሬ የወረታ ገበያ ስለሆነ፣ ገበያው ሳይሞላ ገብቼ፣ አንዱን አውርጄ ሌላውን ጭኜ፣ ማንም ሳያየኝ ምሳዬን ባሕር ዳር መብላት። ማንም ሳያየኝ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ከዚያው ጭነት ወረታ ላይ ለሌሎች ሦስት ሰዎችም ሸጫለሁ።

ሐሙሲት፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ቁርስ እንቁላል ፍርፍር ነው። የሻዩ ዋጋ ከባለፈው መንገዴ ጨምሯል፤ ብርጭቆው ደግሞ አንሷል። ነጋዴ ስለሆንኩ አልተናደድኩም፤ ዘዴውን አደነቅሁ።

ደሴ አፉ እንደጎረሰ፣ "ጋሼ፣ ስንቱን ሸጠህ 'መብራቱ ነው ያበላሸው' ስትል ኖረህ፣ የዛሬው ምን ቢሆን ነው ሌሊት ያስነሳህ?" አለኝ።

መልሱ ረጅም ነበር። እኔ ሱቅ ስከፍት ሰው የሚጠይቀው የጃፓን ዕቃ ነው። የኮሪያውን ቴሌቪዥን ከበሩ ጀርባ ነበር የማቆመው፤ የጃፓኑ ዋጋ ያስደነገጠው ሰው ሲወጣ እንዲያየው። አንድ የአንበሳሜ ሰው ያሉኝን አልረሳም። አባታቸው ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ናቸው። "ኮሪያ? አባቴ እኮ ከስንቁ እየቀነሰ ልጆቻቸውን ያበላ ነበር! እነሱ ሊሠሩልኝ?" ብለው ስቀው ወጡ። እኒያው ሰውየ ከዓመታት በኋላ ለልጃቸው ሰርግ መጡ። የጃፓኑን ሳሳያቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። "ኮሪያ ካልሆነ አታድክመኝ።"

መሃል ላይ ምን እንደሆነ የነገረኝ መርካቶ ያለ አንድ አስመጪ ነው። ኩባንያው ሲጀምር የደረቀ ዓሣ ነጋዴ ነበር አለኝ። የደረቀ ዓሣ! መጀመሪያ የመጣብኝ ወረታ ነው፤ የጣናን ዓሣ አድርቆ ወደ መተማ የሚጭን ስንት ሰው አውቃለሁ፣ አንዱም ቴሌቪዥን አልሠራም። ቀጥሎ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሠሩ። በሰው አገር ሱቅም እንደኔው ከበር ጀርባ አቆሟቸው። ከዚያ ስልክ ሠሩ፤ ስልኩ እንከን ወጣበት። አለቃው እንከን ያለበትን ሁሉ አስለቅሞ ፋብሪካው ግቢ አስከመረው። የሠሩት ሰዎች ቆመው እያዩ በመዶሻ አስቀጠቀጠና እሳት ለቀቀበት።

ደሴ ማኘኩን አቆመ። "በቅናሽ አይሸጠውም ነበር?"

"እኔም የጠየቅሁት እሱኑ ነው።"

"ታዲያ ምን አለህ?"

"'አንተ ሱቅህ አንድ በር ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው' አለኝ።"

ደሴ ሳቀ። እኔ ግን ያን ዕለትም አልሳቅሁም።

ከጉማራ ድልድይ ማዶ፣ 2 ሰዓት ተኩል

ጉማራን ስትሻገር ምድሩ ይዘረጋል። ጥቅምት ነው፤ ሩዙ አሽቶ አናቱ መጎንበስ ጀምሯል፤ ሥሩ ገና ውኃ ውስጥ ነው። ከመንገዱ ዳር የፎገራ ላሞች ጭቃ ለብሰው ወደ ገበያ ይነዳሉ። ደሴ ጥሩምባ ይነፋል፤ ላሞቹ ዞረው አይተውት መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ያን ጭነት የገዛሁበትን ቀን አሰብኩ። ከፍሪጆቹ ጀርባ ተከታታይ ቁጥር የለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አንድ ነገር፣ በሩ ላይ ያለው ሌላ። ሻጩ እየተነጋገርን አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኔን አላየም። ዋጋው ግን ያየኝ ነበር። ኮሪያዎቹ ከበር ጀርባ በቆሙበት ዘመን ስማቸውን የሚለጥፍ ሰው አልነበረም፤ ለምን ብሎ? እሳት ውስጥ ገብቶ የወጣውን ስም ነው እኔ በሙጫ የሸጥኩት።

መንደሩ፣ 4 ሰዓት

መኪናዋ ወረታ አስፋልቱ ዳር ቀረች። ከዚያ ወዲያ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ፍሪጁን አዱኛ በሚባል የአገሩ ባለጋሪ የፈረስ ጋሪ ላይ ጭነን ገባን። ለመጫን፣ ለማሰርና ጋሪውን ከጭቃ ለማውጣት የፈጀነው ጊዜ ዕቅዴን በላው።

መሪጌታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ከስተዋል። ባለቤታቸው እትየ አበዙ የውስጡን ክፍል ከፈቱልኝ። የኔ ፍሪጅ ከመደቡ ላይ ቆሞ እስከ አፉ ድረስ የሩዝ ዘር ሞልቶበታል።

"አይጥ አይገባበትም" አሉ እትየ አበዙ። "ለዘርስ አልከፋም።"

"መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ነው መሰለኝ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ይሆናል" አሉ መሪጌታ። "የጎረቤቴ ፍሪጅ በዚሁ መብራት በረዶ ይሠራል እንጂ።"

እትየ አበዙ ግን ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልፈለጉም። "ምን መብራት መብራት ትላለህ! አንተ ነህ እንጂ!"

መድኃኒቱ የት እንዳለ ጠየቅሁ። ጓዳ ጥግ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ገንቦ አሳዩኝ። አፉ በራሰ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ መድኃኒቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጡ ነው። ነርሷ ናት እስከዚያው በዚህ ያዙት ያለቻቸው። እጄን አስገባሁ። ይቀዘቅዛል። ገንቦውን የሠራችው ሴት ስሟን የትም አልለጠፈችበትም።

አዲሱን ፍሪጅ አቁመን ሰካን። ዘሩ ወደ ከረጢት ተገለበጠ፤ አሮጌው ጋሪው ላይ ታሰረ። ልነሳ ስል መሪጌታ፣ "ተቀመጥ እስቲ" አሉኝ። "አውቀህ ነው ሳታውቅ የሸጥክልኝ?"

"ግማሹን አውቄ።"

"ግማሽ ማወቅ እንዴት ያለ ነው?"

"ላለመጠየቅ የሚበቃ፣ መሪጌታ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በኛ አገር" አሉ፣ "እርሻ ላይ የሚተኛ በሬ ነውሩን ሳይናገር የሸጠ ሰው፣ ራሱ ገመዱን ይዞ፣ በገበያ ቀን፣ በከብት ተራው መሃል አሳልፎ መልሶ ይወስደዋል። ለሚጠይቀው ሁሉ ነውሩን ይናገራል። ያን ያደረገ በሳምንቱ ሌላ በሬ ቢያመጣ ይገዙታል። በጓሮ መጥቶ የወሰደ ግን እዚያ ተራ ዳግመኛ አይቆምም።"

"እርስዎ የከፈሉበትን ተክቻለሁ እኮ።"

"ለኔማ ተክተሃል። ለሌላስ ሸጠሃል?"

"ለሦስት ሰው።"

"እኔ የወደቅሁት ሰው መሃል ነው" አሉ መሪጌታ። "አያስገድድህም ማንም። መንገዱ ሁለት ነው፤ አዱኛ ያውቀዋል።"

ወረታ፣ 6 ሰዓት

ከወፍጮ ቤቱ ጋ አዱኛ ጋሪውን አቆመ። በቀኝ በኩል ከወፍጮው ጀርባ ዞሮ አስፋልት የሚወጣ ቀጭን መንገድ አለ። ፊት ለፊት የከብት ተራው ነው፤ ሞልቷል፤ አቧራውና ጩኸቱ እዚህ ይደርሳል።

"በየት ልንዳው?"

የዚያ አለቃ እሳት ትዝ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ፤ እውነትም ትዝ ብሎኛል። ግን ሌላም አስቤያለሁ፤ ነርሷ የምትኖረው ወረታ ነው፣ ምላስም አላት። ሁለቱን አንድ ላይ መዘንኩና፣ "በከብት ተራው" አልኩት።

አዱኛ ወርዶ ፍሪጁ የታሰረበትን ገመድ ጫፍ በእጄ አስያዘኝ። "ሥርዓቱ በእግር ነው።"

ከጋሪው ፊት ፊት ገመድ ይዤ ሄድኩ። ሃያ ዓመት ነግጄ እንደዚያ ቀን ያለ ረጅም ሜዳ አላየሁም። ዋርካው ሥር አያ በላይ የሚባሉ ሽማግሌ የከብት ደላላ በዱላቸው አስቆሙን።

"የማን በሬ ነው?"

"የኔ ነው፣ አያ።"

"ነጭ ነው እንዴ! ጥርሱን አሳየኝ እስቲ።" በሩን ከፍተው አጎንብሰው አዩ። "ባዶ ነው እኮ! ገና ጥጃ ነው ለካ።"

ተራው በሳቅ ፈነዳ። አንዱ፣ "ስንት ጊዜ አርሷል?" ይላል፤ ሌላው፣ "ጅራቱ ሶኬት አለው!" ይላል። አያ በላይ ዱላቸውን ሲያነሱ ሳቁ ቆመ።

"ነውሩ ምንድን ነው?"

"አያቀዘቅዝም። በሩ ላይ ያለው ስምም የሱ አይደለም። እየጠረጠርኩ ነው የሸጥኩት።"

"ገዢውንስ?"

"እውነተኛውን ሰጥቻቸው መጣሁ።"

ዱላቸውን ወደ ጎን አደረጉት። "ይለፍ!"

ከተራው ማብቂያ ላይ ለስላሳ የምትሸጠው ዓለምነሽ ወገቧን ይዛ ጠበቀችኝ። ከሦስቱ አንዷ ናት።

"አንተ! የኔም የዚሁ ጥጃ ወንድም ነው?"

"ያንቺም።"

"ዓመት ሙሉ 'ኮሪያ እኮ ነው፣ አሁን ይቀዘቅዛል' እያልኩ በደንበኛ ፊት ስምል! የቤተ ክርስቲያን መሳሚያ አሳጣኸኝ!" ጠርሙሶቿን እያወጣች ስትረግመኝ፣ አዱኛና ደሴ ፍሪጇን አወጡ።

ሁለተኛው ቅቤ ነጋዴ ነው፤ ሳቀብኝና አስወጣው። ሦስተኛው የከብት መድኃኒት ይሸጣል። እሱ አልሳቀም፣ አልተሳደበምም። ክትባቱን ከውስጥ እያወጣ ጠረጴዛ ላይ ደረደረው፤ ከዚያ ወረቀት አንስቶ ከሸጠላቸው ሰዎች የሚያስታውሳቸውን ስም መጻፍ ጀመረ። ቀና ሳይል፣ "ለነዚህም ትነግራቸዋለህ" አለኝ። እሺ አልኩት። በሳምንቱ፣ በገበያው ቀን፣ ምትኩን ይዤ እመለሳለሁ።

ሐሙሲት መግቢያ፣ 9 ሰዓት

ኬላ ላይ ፈታሹ ወደ ኋላ አይቶ፣ "ምንድን ነው የጫናችሁት?" አለ።

"አራት በሬ" አለ ደሴ።

ፈታሹ ሸራውን ገለጠ፣ ደሴን አየ፣ እኔን አየ። ምን እንዳየብኝ አላውቅም፤ "እለፉ" አለን።

ባሕር ዳር፣ 11 ሰዓት

ደሴ እንደልማዱ መኪናዋን ወደ ኋላው መጋዘን ሊያዞር መሪውን ጠመዘዘ።

"ፊት ለፊት አቁም" አልኩት።

አራቱን ሱቄ በር ላይ፣ መንገደኛው በሚያልፍበት ደርድረን አቆምናቸው። የሰፈሩ ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ ርካሽ ዕቃ የመጣ መስሏቸው ዋጋ የጠየቁኝም አሉ። ከጎረቤቴ ብረት በያጁ መዶሻ ተዋስኩ። ደሴ ክንዴን ያዘኝና፣ "ጋሼ፣ ለዘር ማስቀመጫ እኮ ይሆናል፤ በቅናሽ..." ብሎ ራሱ ሳይጨርሰው ተወው።

መዶሻውን እንዳነሳሁ ስልኬ ጠራ። መሪጌታ ናቸው።

"ልጅየ፣ ደረስክ?"

"ደረስኩ፣ መሪጌታ።"

"ፍሪጁ በረደ" አሉኝ። "አበዙ ገንቦዋን ለውኃዋ ወሰደች።"