ከካዛንቺስ የተነቀለ የቤት ቁጥር

የዘይት ቀለምና የነጭ ጋዝ ሽታ ለእኔ የአንድ ሰው ሽታ ነው። በቅርቡ የመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ሲቀባ ቀቢው ብሩሹን ነጭ ጋዝ ባለበት ጣሳ ውስጥ ነከረው፤ እኔም የት ልሄድ እንደነበር ረስቼ እዚያው ቆምሁ።

ስለዚያ ሰው የምነግርህ ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አልምልልህም። ከዩኒቨርሲቲ የቀረልኝ አንድ ልማድ ቢኖር የገዛ ራሴን ምስክርነት መጠራጠር ነው። ለምሳሌ የእሱና የእናቱ ቤት ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ሰማያዊ ነበረች እያልሁ ለዓመታት ተናግሬያለሁ። ቀድማኝ አግብታ ከግቢው ወደ ቄራ የወጣችው ታላቅ እህቴ ግን ትስቅብኛለች። «አረንጓዴ ነበረች! አንተ መጽሐፍ እንጂ በር መቼ አይተህ ታውቃለህ?» ትለኛለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል።

ሰውየው የእትዬ ልጅ ነበር። እትዬ የምንላቸው ካዛንቺስ በነበረው ግቢያችን ከእኛ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ልጁ ታፔላ ይጽፋል። በሰፈሩ ከጸጉር ቤቱ እስከ ልብስ ሰፊው የእሱ እጅ ያላረፈበት ታፔላ ጥቂት ነበር። ፊርማውን አያኖርም፤ ነገር ግን የስልክ ቁጥር ሲጽፍ የ2ን እግር ከሚገባው በላይ ይስብና ጫፏን እንደ ድመት ጅራት ወደ ላይ ይቆለምማታል። ባለሥጋ ቤቱ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁለት ነው ወይስ ድመት?» ብለው ቢያፌዙበት፣ «ሥጋ ሸቷት ነው የመጣችው፤ አያባሯት» ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ በግቢው ፀሐይ ላይ ቆርቆሮውን ዘርግቶ ሲሠራ እኔ አጠገቡ አነብ ነበር። «ተማሪው፣ ዛሬስ ምን አወቅህ?» የሚለው ድምፁ እስካሁን አለ። የመለስሁለት ግን አንዱም ትዝ አይለኝም።

አንድ ምሽት ከሥራ ሲመለስ ከግቢያችን በር ብዙም ሳይርቅ ተወግቶ ተገኘ። የቀለም ጣሳው አጠገቡ ተደፍቶ ነበር ይላሉ። እኔ በቦታው አልነበርሁም፤ ይሁንና ያየሁ ያህል አድርጌ ስተርከው ራሴን የያዝሁበት ጊዜ አለ። ኪሱ አልተነካም፤ ጠላት አለው ሲባልም ሰምተን አናውቅም። ተጠርጥረው የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ተለቀቁ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የገደለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

የመጀመሪያው መርማሪ እትዬን ሲሰናበት፣ «እናቴ፣ እርስዎ ቤትዎ ይሁኑ፤ አንድ ነገር ስናገኝ እኛው እንመጣለን» አላቸው። ሰውየው ማጽናናቱ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ቀጠሮ ተቀበሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቤት ሰው ተለይቶት አያውቅም። ገበያ ሲወጡ፣ ለቅሶ ሲደርሱ፣ ወር በገባ በቂርቆስ ዕለት ወደ ልጃቸው መቃብር ሲሄዱ፣ ከግቢው አንድ ሰው በራቸው ላይ ይቀመጣል። ደንብ ያወጣ የለም፤ ተራው በራሱ ጊዜ ተለመደ። መርማሪውን ፖሊስ ብለው አይጠሩትም። «እንግዳዬ ቢመጣ ቁጭ አድርጉልኝ» ብለው ነጠላቸውን ያጣፉና ይወጣሉ።

እንግዳው የመጣው በእኔ ተራ ነው። ክረምት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቤት ነበርሁ። የቂርቆስ ዕለት እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ቢያንስ እርግጠኛ ነኝ ብዬ አስባለሁ። አንድ ወጣት ጃኬቱ ከዝናቡ ርሶ በሩ ላይ ቆመና ወረቀቱን ከቆርቆሮዋ ጋር አስተያየ።

«የሟች እናት ቤት ይሄ ነው? ከፖሊስ ነው የመጣሁት።»

እናቴ ወንበር ሰጠችው፤ እኔ ወደ ቂርቆስ በረርሁ። እትዬን ያገኘኋቸው ከመቃብሩ አጠገብ ግንቡን ተደግፈው፣ ዝናቡ ነጠላቸው ላይ እየተንጠባጠበ ነው። «እትዬ፣ እንግዳዎ መጥቷል» አልኋቸው። ማን ብለው አልጠየቁም። ተሳለሙና መራመድ ጀመሩ፤ ደጁን ስናልፍ ይሮጡ ነበር። ባዶ እግራቸውን መሆናቸውን ያየሁት ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው። ጫማቸው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቀርቷል። ረዳቱ ጭቃ የለበሰ እግራቸውን አየና፣ «ማዘር፣ ታክሲ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ጫማ አያስወልቅም!» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። መልሱ ቤት ተቀምጦ እየጠበቃቸው ነበርና።

እትዬ ሲገቡ ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱትም።

«አገኛችሁት?»

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አዲስ ነኝ፤ የቀድሞው መርማሪ ተዛውሯል። ከመጀመሪያው እንዲነግሩኝ ብዬ ነው።»

«ከመጀመሪያው?»

«አዎ። ማለቴ… እንደ አዲስ።»

እናቴ በሳፋ ውሃ ይዛ መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እትዬ ሰውየውን ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። እኔን የሚያህል ልጅ ነበር መሰለኝ።

«አዲስ ከሆንህማ ገና አልደከመህም ማለት ነው» አሉት። «መጀመሪያ እህል ቅመስ። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

ነገሩትም። ከተወለደበት ቀን ጀመሩ፤ እናቴ ጭቃውን ታጥባለች፤ ውጭ የቆርቆሮው ጣራ ይንጫጫል። ቃላቸውን አላስታውስም። የማስታውሰው ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ እየጠቆረ መሄዱን ነው።

ከእሱም በኋላ ሌሎች አዲሶች መጡ፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ጠየቁ፤ ለሁሉም ከመጀመሪያው ተነገራቸው። ኋላ መምጣቱም ቀረ። እኔ ተመርቄ ሥራ ያዝሁ፤ ከግቢው ወጣሁ። ተራዬን ማን እንደወሰደው አልጠየቅሁም።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ጸጉር ቤቱም ልብስ ሰፊውም ሥጋ ቤቱም ከነታፔላቸው ወረዱ፤ ቆርቆሮው በቁራሌው ጋሪ ተጭኖ ሄደ። እትዬን የእህታቸው ልጅ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ወሰደቻቸው። የሆነውን የሰማሁት ከእናቴ ነው። ዕቃ የሚጭኑት ልጆች በሩን ሊነቅሉ ሲሉ እትዬ መዶሻ ይዘው ቆሙና ቁጥሯን በገዛ እጃቸው ነቀሏት።

«እትዬ፣ እዚያ እኮ ሌላ ቁጥር አለው። ይሄ ምን ያደርግልዎታል?» አላቸው ከልጆቹ አንዱ።

«እነሱ የሚያውቁኝ በዚህ ነው። ሰው ቢመጣ በምን ያገኘኛል?»

ይህን ስሰማ አዝኜ ፈገግ አልሁ። ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

የቀለሙ ሽታ ከያዘኝ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጎተራ ሄድሁ። ደረጃው ላይ ልጆች ኳስ ያነጥራሉ፤ ከየቤቱ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል። አንድ ጊዜ አንኳኳሁ፤ ሁለተኛውን ሳልደግም በሩ ተከፈተ። እትዬ አጥረዋል። መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ያለውን ደረጃ ነው።

«አንተ ነህ እንዴ… ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።»

«ግባ፣ ግባ። ጠፍተህ ቀረህብን እኮ!»

ስለ ቂርቆስ ጠየቅኋቸው። ከመጡ ወዲህ አልሄዱም። የእህታቸው ልጅ ሥራ ትውላለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። «እዚህ ተራ የሚገባልኝ ሰው የለም፤ በሩቁ እሳለማለሁ» አሉኝ፤ እንደ ወቀሳ ግን አልነበረም። የእህታቸው ልጅ ከጓዳ፣ «በቃ፣ ማንም አይመጣም ብላቸው መች ይሰሙኛል» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«ዛሬ እሷ ትውሰድዎት» አልሁ። «እኔ እቀመጣለሁ።»

አልተግደረደሩም። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጫማቸውን ሁለት ጊዜ አዩት። ደፉ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ «በሩን አትዝጋው፤ እንግዳዬ ቢመጣ ቁጭ አድርግልኝ» አሉ። እሺ አልሁ።

ከሰዓት በኋላው ረጅም ነበር። የመጣ ሰው የለም። ወደ ውስጥ በተከፈተው በር ላይ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ቁጥር ሥር፣ ቆርቆሮዋ በሚስማር ተመትታ ፊት ለፊቴ ነበረች። ሲመሻሽ ብርሃኑ በደረጃው መስኮት ገብቶ ሲያርፍባት ተነሥቼ ቀረብሁ። ሰማያዊ ናት። ጠርዟ ላይ ግን ቀለሙ ተልጧል፤ በጥፍሬ ነካ አድርጌ አየሁት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነው። እህቴም አልተሳሳተችም፤ እሷ ካገባች በኋላ አንድ ሰው እንደገና ቀብቷታል። ከካዛንቺስ ታፔላዎች ሁሉ ያልፈረሰችው ይህች ቆርቆሮ ናት፤ በመካከሏ ያለው የ2 እግር ከሚገባው በላይ ረዝሟል፤ ጫፉም ወደ ላይ ተቆልምሟል።