«አንድ ልጅ» ያላችሁት ጌትነት ነው

ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ በሟች ወንድሜ ቀልድ ሳቀ፤ ስሙን የጠራ ግን የለም።

የአስራ ሁለተኛ ክፍሎች ምርቃት ነበር። መድረክ መሪው፣ «እዚህ እስቴ በረዶው የክፍላችንን ቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ የመምህራችን ድምፅ አልሰማ ቢለን፣ አንድ ልጅ ተነሥቶ ትምህርቱን በምልክት ተረጎመልን» አለ።

አንድ ልጅ! ባለፈው ክረምት የቀበራችሁት የክፍላችሁ ልጅ ጌትነት እኮ ነው!

መድረክ መሪውን ሲወጣ ያዝኩት። «አንተ ደግሞ! የደስታ ቀን ነው፤ እናትህን እንዳናስለቅስ ብለን ነው» አለኝ። (ቀልዱን ለመውሰድ ግን አላፈረም።)

እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ድረስ፣ «ቆይ፣ አሁን ይጠሩታል» እያለችኝ ጠበቀች።

እናንተስ፣ እንዳያስለቅስ ተብሎ ስሙ የተዘለለ ሰው አላችሁ? ስሙን ከጌትነት ስም ሥር ጻፉልኝ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።